ምዕራፍ ስምንት፦ ድመት ስታረጅ

በብዙ ቤት ድመት አታረጅም፤ ትጠፋለች። አንድ ቀን ወጥታ ትቀራለች። መኪና ገጭቷት፣ ውሻ ነክሷት ወይም መርዝ የቀመሰች አይጥ በልታ ይሆናል። ቤተሰቡ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልግና ሌላ ግልገል ያመጣል። ስለዚህ ላምና በግ፣ በቅሎና ፈረስ ሲያረጁ ምን እንደሚሆኑ ከአባቶቻችን ብንወርስም፣ ያረጀች ድመት ምን እንደሚያማትና ምን እንደሚበጃት የወረስነው ዕውቀት እምብዛም ነው።

አሁን ኑሮው ተለውጧል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ የተከተበች፣ እንዳትወልድ የተደረገችና ደጅ የማትወጣ ድመት 15 ዓመት ብትኖር አያስገርምም፤ 20 የሚደፍኑም አሉ። በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ በዕድሜ ብልጫ የሰፈረችው ክሬም ፐፍ በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ኦስቲን ከተማ ከኦገስት 3 ቀን 1967 እስከ ኦገስት 6 ቀን 2005 እ.ኤ.አ. 38 ዓመት ከ3 ቀን ኖራለች። ያቺ ብርቅ ናት። የ14 እና የ16 ዓመት ድመት ግን በየሰፈሩ ልናያት የምንጀምርበት ዘመን ላይ ነን።

ዕድሜዋን ከሰው ዕድሜ ጋር ለማስተያየት ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ግምት አለ። የመጀመሪያው ዓመት እንደ ሰው 15 ይቆጠራል፤ ሁለት ዓመት ሲሞላት 24 ትሆናለች፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አራት አራት ይጨመራል። በዚህ ስሌት የ10 ዓመቷ የ56 ዓመት ሴት፣ የ15 ዓመቷ ደግሞ የ76 ዓመት አረጋዊት ናት። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበርና የድመት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጡት መመሪያ ከ7 እስከ 10 ዓመት ያለችውን ጎልማሳ፣ ከ10 ያለፈችውን አረጋዊት ይላታል። አረጋዊቷ ቢያንስ በየስድስት ወሩ በሐኪም እንድትታይም ይመክራል። ስድስት ወር አጭር ጊዜ ይመስላል፤ ለእሷ ግን የሰው ሁለት ዓመት ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ እርጅና በሽታ አይደለም። እኔም በዚህ ምዕራፍ አጥብቄ የምይዘው ይህንኑ ነው። «አርጅታ ነው» ብለን የምናልፈው መክሳት፣ ውሃ ማብዛት፣ አልጋ ላይ መውጣት መተው፣ ሌሊት መጮኽ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስም ያለው ሕመም ነው። በምርመራ ይታወቃል፤ ባይድን እንኳ ይታገዛል። «አርጅታ ነው» የሚለው ቃል የሚጎዳት ምርመራውን ስለሚያስቀር ነው።

ችግሩ ድመት ሕመሟን አትናገርም። የቤት ድመት የመጣችው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር ለብቻዋ እያደነች ከምትኖር ትንሽ የዱር ድመት ነው። ያቺ ድመት አዳኝም ታዳኝም ናት። ብትጮኽ የሚደርስላት መንጋ የላትም፤ የሚሰማት ሊበላት የሚፈልግ አውሬ ነው። ስለዚህ ሲያማት ዝም ትላለች፣ ጥግ ትይዛለች፣ ትተኛለች። የእኛዋም ሶፋ ላይ ተኝታ የምታደርገው ያንኑ ነው። ቀድሞም ቀኑን ሙሉ የምትተኛ ፍጡር ትንሽ ጨምራ ብትተኛ ማን ያስተውላል?

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባላል። ለሰው የተተረተ ተረት ነው፤ ለባለ ድመቱ ግን ቃል በቃል ይሠራል። ድመት አመሏን አትረሳም፤ ከረሳች ምክንያት አላት። ሥጋ ሲከተፍ ከእግር ሥር የማትጠፋው ጓዳ መምጣት ስትተው፣ ማንንም የማትጠጋው ድንገት ከጭን አልወርድ ስትል፣ ፀጉሯን ስትልስ የምትውለው ጀርባዋ ላይ ሲቋጠርባት፣ ያን ቀን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ለውጡ ወደ ጥሩም ቢመስል ያው ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ እንደ ግልገል መሯሯጥ የጀመረች ድመት ደስ ታሰኛለች፤ ምናልባት ግን ታማለች። ምክንያቱን ወደ በኋላ እናያለን።

ዓይን ግን ይታለላል፤ በየቀኑ የምናየው ሰውነት ሲከሳ አናይም። ስለዚህ ያረጀች ድመት ባለበት ቤት መድኃኒት ከመግዛት በፊት ሚዛን መግዛት ይቀድማል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ድመቷን በካርቶን ውስጥ አስገብቶ የካርቶኑን ክብደት መቀነስ ነው። የሕፃናት ሚዛን ወይም በግራም የሚያነብ ትልቅ የወጥ ቤት ሚዛን ይሆናል። እሷን ታቅፎ በሰው ሚዛን ላይ መውጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን የሰው ሚዛን አንድ ሁለት መቶ ግራም ስለሚያዛባ የምንፈልገውን ልዩነት ይደብቅብናል። የምንፈልገው ደግሞ ትንሽ ልዩነት ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት 400 ግራም ብትቀንስ ከሰውነቷ አንድ አሥረኛው ሄደ ማለት ነው፤ 70 ኪሎ የሆነ ሰው 7 ኪሎ ቢቀንስ ቤተሰቡ ተሯሩጦ ሐኪም ቤት ይወስደዋል። በወር አንድ ቀን፣ ደመወዝ በሚገባበት ዕለትም ይሁን በወሩ በማርያም ቀን፣ መዝኖ ቁጥሩን በደብተር ማስፈር ነው። ሦስት ወር ተከታትሎ የወረደ ቁጥር ድመቷ ብትበላም ባትበላም ሐኪም ዘንድ ያስኬዳል።

ከሕመሞቹ ሁሉ በአሮጊት ድመት ላይ የሚበረታው የኩላሊት ነው። የበረሃ ዝርያ በመሆኗ የድመት ኩላሊት ውሃ ቆጣቢ ነው፤ ሽንቷን እጅግ አወፍሮ ያስወጣል፤ በዚህም የተነሣ ጥቂት ውሃ ይበቃታል። ዕድሜ ሲገፋ በኩላሊቷ ውስጥ ደም የሚያጣሩት ጥቃቅን አካላት አንድ በአንድ ይሞታሉ፤ የሞተው አይተካም፤ የቀሩት ግን የሞቱትን ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ ለረጅም ጊዜ ምንም አይታይም። ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ ሲጠፋ ሽንቱን የማወፈር ችሎታው ይሄዳል። ሽንቱ ይቀጥናል፣ ይበዛል፤ የወጣውን ለመተካት ድመቷ ውሃ ታበዛለች። በተለመደው የክሬአቲኒን ምርመራ ቁጥሩ ከልክ አልፎ የሚታየው ደግሞ ከአራት ሦስት እጁ ከጠፋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለአገልግሎት የቀረበው ኤስዲኤምኤ የተባለው የደም ምርመራ ከዚያ ቀደም ብሎ ያስጠነቅቃል። እሱ በሌለበት ቦታ የሽንቱን ውፍረት መለካት ርካሽና አስተማማኝ ፍንጭ ይሰጣል፤ ሐኪሙ ሽንቷን እንዲለካላችሁ ጠይቁ።

ቤት ውስጥ የሚታየው ምልክት ይህ ነው። በአሸዋ ሳህን ላይ የምትጸዳዳ ድመት ቀድሞ እንቁላል የሚያህል ጓል ትታ እንደሆነ አሁን ቡጢ የሚያህል ትተዋለች። ከሻወር ወለል፣ ከአበባ ማሰሮ፣ ከዕቃ ማጠቢያ ውሃ ስትልስ ትገኛለች። ለማረጋገጥ ጠዋት ውሃውን በመለኪያ ለክቶ ማስቀመጥ፣ በማግሥቱ የቀረውን ለክቶ መቀነስ ነው። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች ምርመራ ያስፈልጋታል። ስኳር በሽታም ውሃ ያስጠጣል፤ በተለይ ወፍራም የሆኑትን ወንድ ድመቶች ያጠቃል፤ ሁለቱን የሚለየው የደምና የሽንት ምርመራ ነው። ስኳሯ በጊዜ ከተደረሰበት ኢንሱሊን ወስዳ፣ አመጋገቧም ተስተካክሎ ጨርሶ ኢንሱሊን የሚቀርላት ድመት አለች።

ኩላሊት የታመመች ድመት የምትጠጣውን ውሃ መከልከል ይገድላታል። ምንጣፍ እንዳትነክር ብሎ ሳህኑን ማታ ማታ የሚያነሳ ቤተሰብ ስላለ ነው ይህን የምጽፈው። ውሃው እንዲያውም መብዛት አለበት፤ ሁለት ሦስት ቦታ፣ ከምግቧና ከአሸዋዋ ራቅ ብሎ፣ በሰፊ ሳህን ይቀመጥላት። ደረቅ የድመት ምግብ ከአሥር አንድ እጁ ብቻ ውሃ ሲሆን፣ እርጥቡ ከአራት ሦስት እጁ ውሃ ነው፤ ስለዚህ እርጥብ ምግብ መስጠት ማጠጣት ነው። ጨውና ሽንኩርት ያልነካው የዶሮ መረቅ በውሃዋ ላይ ጠብ ማድረግም ይረዳል። ሕመሙን በማዘግየት በኩል ከሁሉ በላይ የተመሰከረለት ፎስፈረሱ የተቀነሰ የኩላሊት ምግብ ነው፤ ዕድሜ እንደሚያስረዝም ጥናቶች አሳይተዋል። እዚህ እሱን ማግኘት ከባድ በሆነበት ጊዜ ቢያንስ ፎስፈረስ የበዛባቸውን አጥንትና የደረቀ ዓሣ መተው ይቻላል። ውሃ ሲያንሳት ባለቤቷ ራሱ ከትከሻዋ መሐል ከቆዳዋ ሥር ግሉኮስ የሌለው ፈሳሽ በመርፌ እንዲሰጣት ሐኪም ሊያለማምደው ይችላል። ሲሰሙት ያስፈራል፤ የድመት የማጅራት ቆዳ ግን ልል ስለሆነ ብዙዎቹ ድመቶች ፈሳሹ በእጅ ሙቀት ልክ ከሞቀላቸው ተኝተው ይቀበላሉ።

አሁን ወደዚያች እንደ ግልገል ወደምትሯሯጠው እንመለስ። አንዲት ጎረቤታችን የነበሩ እናት ድመታቸውን በዘንቢል ይዘው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ አብሬያቸው ነበርሁ። ወጣቱ ሐኪም «እማማ፣ ስንት ዓመቷ ነው?» አላቸው። «እንጃ ልጄ፤ የልጅ ልጄ አንደኛ ክፍል ሲገባ የመጣች ናት፤ እሱ ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ እኮ!» አሉት። ትበላለች ወይ ሲላቸው፣ «ኧረ ትበላለች! እኔን መብላት ነው የቀራት። የሚገባው የት እንደሆነ ግን እንጃ፤ ይኸው አጥንቷ ቀርቷል። ሌሊት ደግሞ ስትጮኽ ታድራለች። ትል ይሆናል፤ የኮሶ መድኃኒት ስጥልኝ።» ሐኪሙ አልመለሰላቸውም። አገጯን በአንድ እጁ ቀና አድርጎ፣ የሌላውን እጁን አውራ ጣትና ሌባ ጣት በጉሮሮዋ ግራና ቀኝ አኑሮ ቀስ እያለ ወደ ደረቷ አወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ መልሶ አወረደ። ከዚያ የእማማን ጣት ይዞ እዚያው ላይ አሳረፈላቸው። ከቆዳዋ ሥር አንድ ትንሽ ነገር ሸርተት አለች። «እንቅርት ነው እማማ» አላቸው።

የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት በድመት ላይ ሕመም ሆኖ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1979 በኒው ዮርክ ነው። ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ድመቶች ላይ ከሚታዩት የሆርሞን ሕመሞች የመጀመሪያው ነው። ከታሸገ ምግብና የቤት ዕቃ እሳት እንዳይዘው ከሚቀባው ኬሚካል ጋር የሚያያይዙት ጥናቶች አሉ። ሆርሞኑ ሲበዛ አካሏ ሳያርፍ ይነድዳል፤ ትበላለች ትከሳለች፣ ልቧ ይፈጥናል፣ ታስመልሳለች፣ እንቅልፍ ታጣለች። ቲ4 የሚባለው የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ ያረጋግጠዋል። ሜቲማዞል የተባለው መድኃኒት ሆርሞኑን ይቀንሰዋል፤ እንክብል ለማትውጥ ድመት በጆሮዋ ውስጠኛ ቆዳ ላይ የሚቀባ ሆኖ ይዘጋጃል። ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ግን በአንድ መርፌ ከበሽታው ይገላግላል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ አንባቢዎች ዋጋው ቢከብድም በሐኪማችሁ ዘንድ መጠየቅ የሚገባችሁ እሱን ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለሰው እንቅርት የሚታዘዘው ፒቲዩ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለድመት ተሞክሮ ደሟን ክፉኛ ስለጎዳ ተትቷል። ቤት ውስጥ የእንቅርት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ከእሱ ቆርሶ መስጠት አይገባም። ሌላም አለ፤ የፈጠነው ልብ ወደ ኩላሊት ብዙ ደም ይልካልና የኩላሊቷን ድካም ይሸፍነዋል። እንቅርቱ ሲታከም የተሸፈነው ይገለጣል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱ ኩላሊቷን የጎዳ መስሎት የሚያቋርጥ ሰው ይኖራል፤ ሁለቱን ማስታረቅ ግን የሐኪሙ ሥራ ነው።

ቁርጥማት ከዚህ ሁሉ ይልቅ ይስፋፋል፤ ከዚህ ሁሉ ይልቅም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ከ12 ዓመት በላይ የሆኑ 100 ድመቶች ራጅ ሲታይ በ90ዎቹ ላይ የመገጣጠሚያ መበላሸት ተገኝቷል። መቶ ድመት ሲታይ ዘጠናው! ውሻ ሲያመው ያነክሳል፤ ድመት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጎኗ እኩል ስለሚያማት አታነክስም፤ መዝለል ትተዋለች። መስኮት ላይ በአንድ ዝላይ የምትወጣው መጀመሪያ ወንበር ላይ ትወጣለች፤ ቀና ብላ ታያለች፤ ኋላ እግሯን ታመቻቻለች፤ ትተወዋለች። ስትወርድም ፊት እግሯን ግድግዳው ላይ እያንሸራተተች ነው። ጀርባዋን ዘወር ብላ መላስ ስለሚያማት ፀጉሯ ይቋጠራል። ጥፍሯ አይፋቅምና ይረዝማል፤ አንዳንዴም ተጠምዝዞ መዳፏ ውስጥ ይገባል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ጥፍሯን ማየትና ጫፉን ብቻ መቁረጥ ከዚህ ያድናታል። ከሳህኑ ውጭ የምትሸናውም ባለጌ ሆና አይደለም፤ የሳህኑ ጠርዝ ከፍ ብሎባት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ከቤት አይጠፋም። የቆየ ሳፋ አንዱን ጎን መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ቆርጦ፣ የተቆረጠውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍኖ፣ ደቃቅ አሸዋ ወይም ሰጋቱራ መሙላት ነው። ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ማስቀመጥ፣ የሚያንሸራትት ሴራሚክ ላይ ቁራጭ ምንጣፍ መዘርጋት፣ ምግቧን ጎንበስ ሳትል እንድትበላ ከመሬት ጥቂት ከፍ ማድረግ። አዲስ አበባ በክረምትም በኅዳር ውርጭም መገጣጠሚያዋ ሙቀት ይፈልጋል። ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልሎ መኝታዋ ሥር ማድረግ ከሰል አጠገብ ከማስተኛት ይሻላል፤ አሮጊት ድመት ከእሳት ፈጥና አትሸሽም፤ የከሰል ጭስም በዝግ ክፍል እሷንም እናንተንም ይገድላል። መድኃኒትን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ፍሩኔቬትማብ የተባለውን በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ የድመት ቁርጥማት መድኃኒት ፈቅዷል። መዝለል ትታ የነበረች ድመት ይህን መርፌ ወስዳ ከወር በኋላ መስኮት ላይ ስትወጣ ማየት «አርጅታ ነው» የሚለውን ንግግር ለዘለዓለም ያስተዋል።

ሕመም እንዳለባት ከፊቷ ማንበብ ይቻላል። በካናዳ የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት መለኪያ አምስት ነገር ይታያል፦ ጆሮዋ ወደ ጎን ዞሮ ከሌላው ተራርቋል ወይ፣ ዓይኗ ጠቧል ወይ፣ አፍና አፍንጫዋ ዙሪያ ተወጥሯል ወይ፣ ጢሟ ቀጥ ብሎ ተቀስሯል ወይ፣ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ወርዷል ወይ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ10 አራት ከደረሰ ማስታገሻ ያስፈልጋታል። ለድንገተኛ ሕመም የተሠራ ቢሆንም ለባለቤቷ ዓይን ትልቅ ትምህርት ነው።

ማስታገሻ ሲባል ግን የሰው ማስታገሻ አይደለም። ይህን ደጋግሜ ብጽፈው አይሰለቸኝም፦ ለድመት ፓራሲታሞል አይሰጥም፤ ግማሹም፣ ሩቡም። የሰው ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያመክንበት ኤንዛይም በድመት ጉበት ውስጥ በበቂ የለም፤ ለብዙ ሺህ ትውልድ ሥጋ ብቻ ስትበላ የኖረች በመሆኗ የዕፅዋትን መርዝ የሚያበርደው መሣሪያ ጠፍቶባታል። መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ይለወጥና ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ ትሞታለች። አንድ የ500 ሚሊግራም ፍሬ ለመግደል ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ኩላሊቷን ያወድማሉ። በስህተት ከዋጠች ምልክት ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው፤ ቶሎ ከተደረሰ ማርከሻ አለው።

ስለ ምግብ እኛ ቤት ያለውን እናንሣ። ድመት ካለ ሥጋ መኖር የማትችል ፍጡር ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ ስለማይሠራ ከእንስሳ ሥጋ ማግኘት አለባት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የነበረው ፖል ፓየን እ.ኤ.አ. በ1987 የታውሪን እጥረት የድመትን ልብ አላልቶ እንደሚገድል አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ የድመት ምግብ አምራቾች ሁሉ ይጨምሩታል። እኛ ዘንድ ግን ሁዳዴ ሲገባ የሰፈሩ ልኳንዳ ይዘጋል፤ ድመቷም ሽሮ ፍትፍት እየበላች 55 ቀን አብራ ትጾማለች። ወጣቷ አይጥ ይዛ ታካክሳለች። አሮጊቷ መያዝ አትችልም፤ ጡንቻዋም እያለቀ ስለሆነ ከወጣቷ ይልቅ ፕሮቲን የሚያስፈልጋት እሷ ናት። በቅበላ ሳምንት ሥጋ ቀቅሎ በትንንሹ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ወይም ደረቅ የድመት ምግብ መግዛት ለጾመኛው ቤት ከባድ አይደለም። ጾሙ የሰው እንጂ የእሷ አይደለም።

ወጥ የነካው እንጀራ ሌላ ችግር አለው። ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ይሁኑ የበሰሉ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚገባው ደም ማነስ ያመጣል፤ ድዷ ነጥቶ ትደክማለች፣ እኛም እርጅና እንለዋለን። ጉበት በሳምንት አንዴ ቢቀምሱት መልካም ነው፤ ዓመት ሙሉ ጉበት ብቻ የበላች ግን ቫይታሚን ኤ ተከማችቶባት የአንገቷ አጥንቶች ይጣበቃሉ፣ አንገቷን ማዞር ያቅታታል። ሳንባ በልቶ ለመጥገብ ይሆናል፤ ለብቻው ግን አይበቃትም፣ ሳይቀቀልም አይሰጥም። ወተት አብዛኞቹን ያስቀምጣቸዋል፤ ውሃ ለማያቆም ኩላሊት ተቅማጥ ሲጨመርበት አደጋ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን አለመብላቷ ነው። በተለይ ወፍራም ድመት ሁለት ሦስት ቀን ምንም ካልበላች ስቧ ተንዶ ጉበቷን ይሞላዋል፤ ያ በራሱ ገዳይ በሽታ ነው። «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መጠበቅ ለውሻ ይሆን ይሆናል፤ ለድመት አይሆንም። አንድ ቀን ሙሉ ያልበላች አሮጊት ድመት ምግቧ ሞቅ ተደርጎ፣ ሽታው ጎልቶ ይቅረብላት፤ በማግሥቱም ካልቀመሰች ወደ ሐኪም ትሂድ። ብዙ ጊዜ የሚያስተዋት ጥርሷ ነው። ሳህኑ ጋ ሄዳ አሽትታ የምትመለስ፣ በአንድ ጎን የምታኝክ፣ ለሐጯ የሚሸት ድመት ርቧታል፤ አፏ ግን ያማታል። የተበላሸው ጥርስ በማደንዘዣ ሲነቀል ጥርስ የሌላት ድመት ከቀድሞው አሻሽላ ስትበላ ታያላችሁ። ዕድሜዋ ብቻ ማደንዘዣ አይከለክላትም፤ አስቀድሞ ኩላሊቷና ልቧ ይመርመር እንጂ።

ጠዋት ተነሥታ ግድግዳ እየገጨች ከሄደች፣ የዓይኗ ብሌንም በብርሃን ሰፍቶ ከቀረ የደም ግፊቷ ነው፤ ሬቲናዋን አላቅቆታል። ኩላሊትና እንቅርት የታመሙ ድመቶች ግፊታቸው ከ160 ሲያልፍ የሚደርስ ጉዳት ነው። ሰው የሚወስደው አምሎዲፒን፣ ሐኪም ለክቶ በሚያዘው ጥቂት መጠን፣ ያወርደዋል። በዚያው ቀን ከተደረሰላት ማየቷ ሊመለስ ይችላል። ሌሊት እየጮኸች ጥግ ላይ ፈዝዛ የምትቆመው ደግሞ ግፊቷ፣ እንቅርቷና ሕመሟ ተመርምረው ነፃ ከሆኑ የአእምሮ ድካም ሊሆን ይችላል፤ ዕቃ ባለመቀያየርና ማታ ትንሽ መብራት በመተው ትረጋጋለች። ደጅ የምትወጣና ያልተከተበች ድመት ድንገት አመሏ ከተለወጠና ከተናከሰች ግን አትንኳት፤ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ አለና መጀመሪያ እሱ ይታሰብ።

ለዚህ ሁሉ ሐኪሙ ከየት ይምጣ ለሚል፣ በአዲስ አበባ የግል የቤት እንስሳት ክሊኒኮች እየተከፈቱ ነው፤ ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ ጎንደርም እንዲሁ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት አላቸው። ስትሄዱ የክብደት ደብተሩን፣ የምትጠጣውን ውሃ ልክና ስትዘል የቀረጻችሁትን የስልክ ቪዲዮ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ፈርታ ደርቃ የምትቆም ድመት ምንም አታሳየውም፤ ቪዲዮው ያሳየዋል።

መጨረሻው ሲቀርብ መወሰን ከባድ ነው። አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት መመዘኛ ለቤተሰብ ይረዳል። ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ ሕመሟ፣ ምግቧ፣ ውሃዋ፣ ንጽሕናዋ፣ ደስታዋ፣ መንቀሳቀሷ፣ ደህና ቀኗ ከክፉ ቀኗ መብለጡ። ለየአንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ35 በላይ እስከሆነ ድረስ ማስታመሙን መቀጠል ይገባል። ከቤተሰቡ ሁለት ሰው ለየብቻው ቢሞላው ጥሩ ነው፤ አንዱ የማያየውን ሌላው ያያል። በሀገራችን እንስሳን በመርፌ ማሳረፍ የሚከብደው ሰው ብዙ ነው፤ ጭንቀቱን አከብራለሁ። ነገር ግን መብላት አቁማ፣ መነሣት አቅቷት፣ ማስታገሻም ያልያዘላትን ድመት «እግዜር ይጥራት» ብሎ ሳምንት ማስጨነቅ ለእሷ ምሕረት አይደለም፤ ሐኪሙ መጀመሪያ አስተኝቷት፣ ከዚያ ሕመም ሳይሰማት ልቧ እንዲቆም ያደርጋል።

ለዚህ የሚሰጠው ፔንቶባርቢታል በሥጋዋ ውስጥ ይቆያል፤ ቆፍሮ የሚበላትን ውሻ፣ ጅብና አሞራ ይገድላል። አዲስ አበባ ዳር ዳሩን ጅብ ሌሊት ይዞራልና ጉድጓዱ ቢያንስ አንድ ሜትር ይጠልቅ፤ አፈሩ ከተመለሰ በኋላም ከባድ ድንጋይ ይደረደርበት።